ጻፊና አስጻፊ

በምዕራብ ጎጃም፣ በሰከላ ወረዳ፣ ስለ ግሽ ዓባይ ምንጭ ሲተረክ የኖረ አንድ ትውፊት አለ። አቡነ ዘርዓ ብሩክ ተይዘው ወደ እስር በሚወሰዱበት ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ ይባላል። የመከራው ዘመን አልፎ በተመለሱ ጊዜም «ግሽ፣ ዓባይ» ብለው አደራቸውን ጠየቁ፤ ውኃውም መጻሕፍቱን አንዲት ፊደል ሳይደበዝዝባቸው መልሶ አወጣ። የስፍራው መጠሪያ ከዚያ ቃል የመጣ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች።

ትውፊቱን እዚህ ላይ ማንሣታችን ለአንድ ጥያቄ መነሻ ስለሚሆነን ነው። ጽሑፍ አደራ ከሆነ፣ ሰው ብዕሩን በገንዘብ ለሌላ ሲያከራይ የሚሸጠው ምንድን ነው? ምንስ ይቀርለታል? ገንዘቡን የከፈለውስ ምን ምን የመውሰድ መብት ያገኛል?

ጥያቄው የቆየ ነው፤ መልኩ ግን ተለውጧል። ዛሬ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ነጋዴ ደብዳቤውን የሚመልስለት፣ ቀጠሮውን የሚይዝለት፣ በስሙ የሚወጣውን ጽሑፍ የሚያዘጋጅለት ረዳት ሲሻ በአገሩ መፈለጉን ትቶ በኢንተርኔት አማካይነት ከማኒላ፣ ከናይሮቢ ወይም ከአዲስ አበባ በዝቅተኛ ዋጋ ይቀጥራል። አፕወርክና ፋይቨር የመሳሰሉት ገበያዎች ሁለቱን ያገናኛሉ። አስጻፊው የጻፊውን ፊት አያይም፤ ጻፊውም የአስጻፊውን ደጅ አይረግጥም። የኒውዮርክ ቢሮዎች ሲከፈቱ በቡሬ ቀኑ ወደ ማምሻው ይጠጋልና፣ በዚህ ሥራ የተሰማራ ወጣት ሌሊቱን ቀን አድርጎ ይሠራል። የጎጃም ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወርድ አካሉም ጉልበቱም አብረው ይሄዳሉ፤ በዚህኛው ሥራ ግን አካሉ ከቤቱ ሳይነቃነቅ ድካሙ ብቻ ባሕር ይሻገራል።

የቀድሞው ጻፊና አስጻፊ ይተዋወቁ ነበር። አንድ ባለጸጋ ዳዊት ወይም ወንጌል ለማስጻፍ ሲያስብ ቁም ጸሐፊ ፈልጎ ዋጋውን ይዋዋላል። ጸሐፊውም የሸምበቆ ብዕሩን ቀርጾ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ፣ በብራናው ላይ ለወራት ይደፋል። ይህም ቅጥር ነበር፤ ይከፈልበት ነበር። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ሲፈጸም በመጨረሻ በሚጻፈው ልመና የጻፈውም ያስጻፈውም፣ ያነበበውም የሰማውም በአንድነት ምሕረት እንዲያገኙ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜም የሁለቱ ስም ይጠቀሳል። በሀብትም በማዕረግም የማይተካከሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር ማለት ነው።

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው ስንመለከት ደግሞ ሌላ ዓይነት ግንኙነት እናገኛለን። ባላገሩ የመሬት ክርክሩን ወይም የውርስ ጉዳዩን ይዞ ይመጣል፤ «ወንድሜ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» ብሎ ይተርካል። ጻፊው ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ መልሶም ያነብለታል። ባላገሩ «ልቤን አገኘኸው» ካለ በኋላ ይፈርማል ወይም ጣቱን ያትማል። እዚህ ላይ የጻፊው ስም ባይታወቅ ማንም አይጎዳም፤ ጉዳዩም እውነቱም የባላገሩ ነውና። ጻፊው ያከራየው እጁን ነው።

እነዚህን ሁለት ምሳሌዎች ይዘን ወደ ዛሬው ቅጥር ብንመለስ በመጀመሪያ የሚገጥመን የዋጋ ነገር ነው። «ርካሽ» የሚለው ቃላችን ለዕቃ ሲነገር ዋጋው ዝቅተኛ መሆኑን ያመለክታል፤ ለሰው ሲነገር ግን ስድብ ነው። ረከሰ ማለት ዋጋው ወረደ ማለት ነው፤ ክብሩን አጣ፣ አደፈ ማለትም ነው። በአንጻሩ «ውድ» ስንል ብዙ ገንዘብ የሚያወጣውንም የምንወደውንም እንጠራበታለን። ስለዚህ ከባሕር ማዶ «ርካሽ ጸሐፊ አገኘሁ» የሚል ሰው በአማርኛ ቢናገር ኖሮ፣ ያረከሰው ሥራውን ነው ወይስ ሠራተኛውን? ተብሎ በተጠየቀ ነበር።

የአስጻፊው መከራከሪያ ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። «አላስገደድሁትም፤ ዋጋውን ነግሬው ተስማማ። በእኔ አገር ለአንድ ምሳ የማይበቃው ገንዘብ በእርሱ አገር የቀናት ቀለብ ይገዛል። እኔ ባልቀጥረው ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር» ይላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ተመርቆ ሥራ በማጣት በወላጆቹ ትከሻ ላይ ለሚኖር የቡሬ ወጣት ከሩቅ የሚመጣው ጥቂት ዶላር እውነተኛ እንጀራ ነው፤ ይህን መናቅ የጠገበ ሰው ፍልስፍና ይሆናል። ነገር ግን ስምምነት ብቻውን ፍትሕን አያረጋግጥም። የተራበ ሰው የተስማማበት ዋጋ የሚነግረን የረሃቡን ልክ ነው፤ የሥራውን ልክ ለማወቅ ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው የ«ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ፣ ከፋብሪካው ደጅ የቆመው የሥራ አጦች ሠራዊት በውስጥ የሚሠራውን ሰው ደመወዝ እንዴት እንደሚጫን አስረድቷል። ዛሬ ያ ሠራዊት በአንድ ከተማ ደጅ አልተወሰነም፤ ቡሬ ከማኒላ ጋር፣ ናይሮቢ ከዳካ ጋር በዋጋ ማውረድ እንዲፎካከሩ ሆነዋል።

ነገሩን በገዛ ገንዘባችን ማየት ይቻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ወጣት ከዚያ በፊት የጻፈው ገጽና ከዚያ በኋላ የጻፈው ገጽ በድካምም በጥራትም አንድ ነው። በእጁ የገባው ብር ግን እጥፍ ሊሆን ተቃረበ፤ አስጻፊው አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። የገበያውም ዕቃ ዋጋ ሲንር ያ ጭማሪ ተመልሶ ይሟሟል። እንግዲህ «ለእርሱ አገር ይበቃዋል» የሚለው አነጋገር የሁለት አገሮችን የኑሮ ልዩነት ይመዝናል እንጂ ሥራውን አልመዘነም። ከዚያ ልዩነት የሚገኘውን ትርፍ ማን ይውሰድ? የግብረ ገቡ ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ ከጎረቤታችን ከኬንያ ታይቷል። ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 እንደ ዘገበው፣ ለኦፕን ኤአይ ኩባንያ ጽሑፍ እየመረመሩ ምልክት ያደርጉ የነበሩ የናይሮቢ ሠራተኞች በሰዓት ያገኙ የነበረው ከ1 ዶላር ከ32 ሳንቲም እስከ 2 ዶላር ነበር። በመካከል ሆኖ ሥራውን የተዋዋለው ሳማ የተባለው ድርጅት እንዲከፈለው በውሉ የተጻፈው ግን በሰዓት 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ድርጅቱ ክፍያው ሌሎች ወጪዎችንም እንደሚሸፍን ገልጾ መልስ ሰጥቷል። የሁለቱ ቁጥሮች ርቀት ግን ራሱ ይናገራል።

ከዋጋው ቀጥሎ የመተሳሰቡ ነገር ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ከፍኖተ ሰላም ሆኖ የሚጽፍ ሰው ድምፁ በድንገት ቢጠፋ፣ ሩቅ ያለው አስጻፊ ምን ያስብ ነበር ብለን እንገምት። «ሥራዬን በሰዓቱ አላደረሰም» ብሎ ወደሚቀጥለው ስም ይሻገራል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያውቀው ዋጋውን ብቻ ስለሆነ ነው። የፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ጻፊ ግን አንድ ሳምንት ከቦታው ቢታጣ ባላገሩ «ምን አገኘው?» ብሎ ይጠይቃል። ርቀት ዋጋን ማሳነሱ አንድ ጉዳት ነው፤ «ምን አገኘው?» የሚል ጠያቂ ማሳጣቱ ደግሞ የባሰ ነው።

ሦስተኛው ነገር ስም ነው፤ ስለዚህም ግሽ ዓባይ ራሱ ምስክር ይሆነናል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ከምንጩ ደረሰ። ከእርሱ በፊት ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን አይቶ የነበረ ቢሆንም፣ ብሩስ ይህን ሊቀበል አልወደደም። ከብሩስ ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ፣ በ1737 በቦሎኛ የተወለደ ሠዓሊ ነበር። ብሩስ እንዲሥልለት ቀጥሮ ከባሕር ማዶ ያመጣው ረዳት ነው። ዕፅዋቱን በጥንቃቄ ይሥላል፤ የጉዞ ማስታወሻም ይጽፋል። ይህ ሰው በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ግን ባሉጋኒን ወደ ምንጩ ከመጓዛቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ አቀረበው፤ የሥዕሎቹንም ምስጋና ለራሱ ወሰደ። እውነቱ የታወቀው ሟቹ ትቷቸው ከሄደው ማስታወሻዎችና ሥዕሎች ነው።

ብሩስ ለባሉጋኒ ደመወዝ ከፍሎ ይሆናል። ደመወዙ የገዛው ሥዕሎቹን ነው፤ ሰውየው በግሽ ዓባይ አልነበረም የማለትን መብት ሊገዛ አይችልም። በዚህ ዓለም በገንዘብ የማይተላለፍ ነገር አለ ከተባለ፣ አንድ ሰው አንድን ነገር መሥራቱ ራሱ ከዚያ ውስጥ ነው። ሥራው ይሸጣል፤ መሥራቱ አይሸጥም።

አስጻፊ ሁሉ እንደ ብሩስ አልነበረም። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ሳያያት ስለ ኢትዮጵያ ጽፏል። የእውቀቱ ምንጭ የአማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። በ1649 ሮም ላይ ተገናኙ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ተጉዘው ከእርሱ ጋር ሠሩ፤ ሲለያዩም ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ። ሉዶልፍ በ1681 «የኢትዮጵያን ታሪክ» ሲያሳትም የማን ተማሪ እንደ ነበረ አልደበቀም፤ የመምህሩንም ሥዕል ከአሥር ዓመት በኋላ ባወጣው ማብራሪያ አትሟል። ለክብሩ ምን ጎደለበት? ዛሬ ሁለቱን ስሞች አብረን የምንጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የጻፊ ስም ሁልጊዜ መጠቀስ አለበት እንላለን? አንልም። የቀጠሮ ደብዳቤ የሚጽፍ ረዳት እንደ ማመልከቻ ጻፊው እጁን ያከራያል፤ ሐሳቡ የአሠሪው ነው። ሐሳቡም ቃሉም የጻፊው ሆኖ ሳለ ሌላው «እኔ አሰብሁት» ብሎ አንባቢ ፊት ሲቀርብ ግን የሚታለለው ሦስተኛ ወገን ነው። በጎጃም የቅኔ ቤት ሌላው የተቀኘውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር የሆነው ስለዚህ ነው፤ ባለቅኔው ቢፈቅድ እንኳ ሰሚው አልፈቀደም። ሕጋችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን በሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከሥራው የሚገኘውን የገንዘብ ጥቅምና ደራሲ ነኝ የማለትን መብት ለያይቶ ያያል።

ከዚህ ላይ ጻፊውም ተጠያቂ መሆኑን ማለፍ አይገባም። ለማያውቀው ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ የሚጽፍ ሰው «እኔ ብዕሬን ሸጥሁ እንጂ አልዋሸሁም» ቢል አያመልጥም። ያ ተማሪ ነገ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሆኖ ሲቆም፣ የሚታከመው በሽተኛና በድልድዩ የሚሻገረው መንገደኛ የውሉ ተካፋይ ሳይሆኑ ዕዳውን ይከፍላሉ። ድህነት ዝቅተኛ ዋጋ ለመቀበል ምክንያት ይሆናል፤ ሌላውን ለማሳሳት ግን ፈቃድ አይሰጥም።

እንግዲህ ከሩቅ የሚቀጥረውም የሚቀጠረውም ሦስት ነገር ራሳቸውን ይጠይቁ። ዋጋው የተተመነው በሥራው ነው ወይስ በሠራተኛው ችግር? ሠራተኛው ቢጠፋ የሚጠይቅለት አለ ወይ? ጽሑፉን የሚያነበው ሰው ጻፊው ማን እንደ ሆነ ቢያውቅ ተታለልሁ ይል ይሆን? እነዚህን ጥያቄዎች በደኅና የሚያልፍ ቅጥር፣ አሠሪው በሜዳ ማዶም ይኑር በባሕር ማዶ፣ የተከበረ ሥራ ነው። የማያልፈው ግን ተቀጣሪው ቢስማማበትም የተከበረ አይሆንም።

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ኖሯል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን ወንዙ መንገዱን ሳያቋርጥ ለአገሩ ብርሃን ትቶ ያልፋል። የወጣቶቻችንም ብዕር ባሕር መሻገሩን ማንም ሊከለክለው አይችልም፤ መከልከሉም አይጠቅምም። የሚገባው ዋጋው ለጻፊው ቤት የሚተርፍ እንዲሆንና ስሙም እንዳይሰጥም መጠበቅ ነው። ግሽ ዓባይ የተሰጠውን አደራ መልሷል ይባላል። አስጻፊ የሆነ ሁሉ ከዚያ ምንጭ ሊያንስ አይገባውም።