ሱልህ የጀግና ሥራ ነው



ብዙዎቻችን ሱልህን የተሸነፈ ሰው ሥራ አድርገን እናያለን። ዛሬ እስቲ የአንድ ሰው መንገድ እንይ።

አል-ሐጅ ሙራድ ኢብራሂም በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በሚንዳናኦ ደሴት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሙስሊሙ የሞሮ ሕዝብ ከመሬቱ ሲገፋ አይተው ትምህርታቸውን አቋርጠው ጫካ ገቡ። ጦርነቱ ለአስርት ዓመታት ዘለቀ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሕይወትም ቀጠፈ። በ2003 የሞሮ እስላማዊ ነፃ አውጪ ግንባር መሪ ሆኑ።

ትልቁ ፈተና ግን የመጣው በድርድሩ ነው። በ2008፣ በማሌዥያ አሸማጋይነት የተደረሰበት ስምምነት ሊፈረም ሲል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አገደው። አንዳንድ የግንባሩ አዛዦች «ተታለልን» ብለው ወደ ውጊያ ተመለሱ። ሙራድ ግን ወደ ድርድሩ ተመለሱ። በ2011 ቶኪዮ አቅራቢያ ከፕሬዚዳንት አኪኖ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ፤ በ2014 ዋናው ስምምነት ተፈረመ። በጥር 2015 ደግሞ ማማሳፓኖ ላይ በተነሳ ግጭት 44 ፖሊሶች፣ የግንባሩ ታጣቂዎችና ሲቪሎች ሞቱ። ሕጉ ፓርላማ ውስጥ ተንጠለጠለ። አሁንም ታገሱ። ሕጉ በ2018 ጸደቀ፤ በ2019 ሙራድ የባንግሳሞሮ ራስ ገዝ ጊዜያዊ ዋና ሚኒስትር ሆኑ።

ሁሉም ችግር ተፈታ ማለት አይደለም። ሐቃቸውንም አልተዉም፤ የሚጠይቁበትን መንገድ ቀየሩ እንጂ።

ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ ነው? የሁደይቢያን ዕለት አስታውሱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ከውሉ ላይ እንዲሰረዝ ተስማሙ፤ በዚያ ዓመት ዑምራ ሳያደርጉ ተመለሱ። ዑመር (ረ.ዐ) እንኳ ነገሩ ከብዷቸው ነበር። አላህ ግን በሱረቱል ፈትሕ ያንን ጉዞ ግልጽ ድል አለው። ሱብሃነላህ!

ልብ በሉ፤ ጠላትን ፊት ለፊት መግጠም አንድ ጀግንነት ነው። የራስህ ሰዎች «ከዳኸን» እያሉህ፣ በሩም አንዴ ፊትህ ላይ ተዘግቶ፣ ተመልሰህ ማንኳኳት ግን ነፍስያን መግጠም ነው።

አንተስ ወንድሜ? አንቺስ እህቴ? የስንት ሰው ስልክ ዘግተናል? ከወንድም ወይም ከአክስት ልጅ ጋር ስንት ኢድ ተኳርፈን አሳለፍን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ እንዳያኮርፍ ከልክለዋል፤ ከሁለቱ በላጩም በሰላምታ የሚጀምረው መሆኑን ነግረውናል።

ዛሬ ከሶላት በኋላ ደውሉ። ባያነሳ ነገም ድገሙት፤ አንድ የተዘጋ በር የመንገዱ መጨረሻ አይደለም።

አላህ ልቦቻችንን ያስማማ፤ በጦርነት ለሚሰቃዩ ሁሉ ሰላምን ይወፍቅ። አሚን።