ማኅበር በኪራይ ይገኛልን?

የክፍል አደረጃጀት የሥነ ምግባር ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላልን? ወንበርና ጠረጴዛ፣ መስተዋትና መብራት በራሳቸው ጻድቅም ኃጥእም አይደሉም። ይሁን እንጂ ዕቃ የሚደረደረው በሰው ፈቃድ ነውና፣ አደራደሩ ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ እንደሆነ ሳይናገር አይቀርም። ዛሬ በታላላቅ የምዕራብ ከተሞች የተስፋፋው፣ በቀን ወይም በወር ሒሳብ የሚከራየው የጋራ ቢሮ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ጥያቄው ከጋራ ቢሮ በፊት የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን አገር፣ በሃምቡርግ አጠገብ፣ የሽኔለ ወንድማማቾች የግድግዳ አጥር የሌለበትን ሰፊ የቢሮ አዳራሽ ሲያቀርቡ፣ አለቃንና ሠራተኛን የሚለያየውን የማዕረግ ግንብ ማፍረስ አንዱ ዓላማቸው ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ፕሮፕስት በ1968 በኸርማን ሚለር ኩባንያ በኩል ያወጣው ተንቀሳቃሽ ግድግዳም ሠራተኛው የሥራ ቦታውን እንደ ሥራው ጠባይ እንዲያዘጋጅ የታሰበ ነበር። ኩባንያዎች ግን በጥቂት ወለል ላይ ብዙ ሰው ማጨቂያ አደረጉት። ፕሮፕስት ራሱ በ2000 ከመሞቱ በፊት የፈጠራውን መጨረሻ አጥብቆ ኰንኗል። እንግዲህ የነዳፊው ቅን ሐሳብ ብቻውን ክፍልን ነፃ አያወጣም፤ ጠረጴዛውን የማንቀሳቀስ ሥልጣን በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

የጋራ ቢሮም ሲጀመር ቅን ሐሳብ አልጐደለውም። በ2005 በሳን ፍራንሲስኮ ብራድ ኑበርግ የተባለ ሰው በሳምንት 2 ቀን ታጣፊ ጠረጴዛ እየዘረጋ፣ ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች ነፃነታቸውን ሳይለቁ ከብቸኝነት እንዲወጡ ጠራቸው። በ2010 በኒውዮርክ የተቋቋመው ዊወርክ ይህንኑ የሰው ናፍቆት ወደ ሸቀጥ ለወጠው። ከሕንፃ ባለቤቶች በረጅም ውል የተከራየውን ወለል በመስተዋት እየሸነሸነ በአጭር ውል መልሶ ማከራየት ሥራው ሆነ።

የውስጡ ንድፍ በሚገባ የታሰበበት ነው። የመስተዋቱ ግድግዳ ከመስኮት ለራቀው ክፍል ብርሃን ያደርሳል፤ በዚያው መጠን ጠባቡን ክፍል ሰፊ አስመስሎ ያሳያል። የጋራው ሳሎን በሶፋና በቡና ሲደምቅ የግሉ ክፍል ማነሱ ይዘነጋል። ሶፋው «እንደ ቤትዎ ይቁጠሩት» ይላል። ውሉ ግን እንዲህ አይልም። ገንዘብ ከፋዩ «ተከራይ» መባሉ ቀርቶ «አባል» ይባላል፤ የሚፈርመው የኪራይ ውል ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ነውና፣ ሕግ ለተከራይ የሚሰጠው መብት አይደርሰውም። ስሙ ሲከብር መብቱ አነሰ ማለት ነው። ዋናው ቅራኔ ይህ ነው፤ ቅርጹ ቤት፣ ይዘቱ የዕለት ማረፊያ።

ቅራኔው የታየው በክፉ ቀን ነው። በጥር 2019 47 ቢሊዮን ዶላር የተገመተው ይኸው ኩባንያ በኅዳር 2023 የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ከዚያም የወጣው ብዙ የኪራይ ውሎችን አፍርሶ በ2024 ነው። የትኛው ወለል ይዘጋ፣ የትኛው ይቆይ በሚለው ክርክር የኩባንያው፣ የአበዳሪዎቹና የሕንፃ ባለቤቶቹ ቃል ተሰማ። «አባል» የተባለው ግን ድምፅ አልነበረውም። ድምፅ የሌለው አባል ምን ዓይነት አባል ነው?

«ታዲያ ምቾት ኃጢአት ነውን? ላብ አደር ያማረ ክፍል አይገባውምን?» የሚል ይኖራል። ይገባዋል። ውበት የከበርቴ ርስት ይሁን የሚል አቋም የለንም፤ ካፒታል የሌለው ሰው ለወር ያህል ጥሩ ጠረጴዛ ማግኘቱም ቀላል ነገር አይደለም። የምንቃወመው ውበት የመብት ምትክ ሆኖ ሲቀርብ ነው። ግድግዳ ማንሣት ብቻውን ወዳጅነትን እንደማይወልድም ታይቷል፤ ሁለት ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ቢሯቸውን ክፍት ባደረጉ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኞች ፊት ለፊት መነጋገራቸው በ70 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። መሸሸጊያ ያጣ ሰው በዝምታ ይሸሸጋልና።

በቋንቋችን «ማኅበር» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ማኅበርተኛ ድግሱን በተራው ይደግሳል፤ ሲቀር «ምን ሆነ?» ይባላል፤ ሲታመም ይጠየቃል። በጋራ ቢሮ ክፍያው ሲቋረጥ የበሩ ካርድ መሥራቱን ያቆማል እንጂ ጠያቂ አይመጣም። በስደት ያለን ተማሪዎች የምንሰበሰብበት አዳራሽ ብዙ ጊዜ የተከራየ ነው፤ ወንበሩ ያረጀ፣ መብራቱም የደበዘዘ ይሆናል። ሆኖም ወንበሩን የምንደረድረውም፣ የምናነሣውም እኛው ነን፤ በምንከራከርበትም ጉዳይ ድምፅ አለን። ብቸኝነት ለሸቀጥ ገበያ ምቹ የሆነችው እንዲህ ያለው ማኅበር በጠፋበት ሁሉ ነው።

ስለዚህ ከነዳፊዎች የምንጠይቀው ሶፋውን እንዲያወጡት አይደለም። የሚዘጋ በር ይጨምሩ፤ የክፍሉን አደራደር የሚሠራበት ሰው ይወስን፤ ተከራይንም በስሙ ተከራይ ብለው ከነመብቱ ያስገቡት። አባልነትን ለማኅበርተኞች ይተዉት።