ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ልጆቼ፣ አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ይህ ቃል ለማንም ይሠራል፤ ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ሰማይ ለሚወጣ ሰው ግን ከሁሉ በላይ ይሠራል። የድሮ መንገደኛ በቅሎውን ከመጫኑ በፊት ሰኮናዋን አንስቶ ያያል፣ የኮርቻውን ጠፍር ስቦ ይፈትሻል። ቢዘነጋ እንኳ መንገድ ላይ ወርዶ ሊያጠብቅ ይችላል። ሰማይ ላይ ግን ወርዶ የሚያጠብቁበት ዳር የለም። የበረራው ደኅንነት ገና ምድር ላይ ሳላችሁ ይጀምራል።

ሴስና 172ን የመሰለ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ዘንድ ስትቀርቡ፣ አስቀድማችሁ የሞተሩ ማብሪያ ማጥፊያ መጥፋቱን አረጋግጡ። ጠፍቶም ቢሆን ፕሮፔለሩን አትመኑት፤ አንዲት ሽቦ ከተበጠሰች በእጅ ሲነካ ሊነሳ ይችላል። ከዚያ የፍተሻ ዝርዝሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ዙሪያውን ዙሩ። ጎማውን እዩ፤ የፕሮፔለሩን ጠርዝ እዩ፤ የሞተር ዘይቱን ለኩ፤ የክንፉንና የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በእጃችሁ አንቀሳቅሱ። የፍጥነት መለኪያው አየር የሚቀበልበትን ቱቦ ሽፋን አንሱ፤ ነፍሳት ጎጆ ሠርተውበት እንዳይሆን ተመልከቱ። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል፤ ዓይን ያላየውን ግን ልብ በምን ይፈርደዋል?

በነዳጅ ነገር ጌጁን ብቻ አትመኑ። ክዳኑን ከፍታችሁ በመለኪያ ዘንግ ለኩ። ከታንኩ ሥር ጥቂት በጠራ ብርጭቆ ቅዱና ወደ ብርሃን አንሱት። ለእነዚህ አውሮፕላኖች በብዛት የሚቀዳው 100 ኤልኤል የሚባለው ቤንዚን ሰማያዊ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ብርጭቆው ሙሉ ጥርት ብሎ ሰማያዊነቱን ካጣችሁበትም አትደሰቱ፤ የቀዳችሁት ሁሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ከውሃ እስኪጠራ ደጋግማችሁ ቅዱ፤ ካልጠራ በረራው ይቅር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

«እኔ ልምድ አለኝ፤ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» የሚል አይጠፋም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1935፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ራይት ፊልድ በተባለ ሜዳ፣ ቦይንግ የሠራው ሞዴል 299 የተሰኘ ትልቅ ቦምብ ጣይ ለሙከራ ተነሳ። መሪውን የያዘው ሻለቃ ፕሎየር ሂል የተመሰከረለት አብራሪ ነበር። ነገር ግን አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ነፋስ መሪ ክፍሎቹን እንዳያንገላታ የሚያስረው መቆለፊያ ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። አፍንጫውን ሽቅብ አቅንቶ ወጣ፤ ወዲያው ወደቀና ተቃጠለ። ሂልና የቦይንጉ አብራሪ ሌስሊ ታወር በዚያው አደጋ ሳቢያ ሕይወታቸውን አጡ። ሞተሮቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ሰዎቹም አዋቂዎች ነበሩ። አንዲት የተረሳች ነገር በቃች። ዛሬ በየአብራሪው እጅ ያለው ዝርዝር የተስፋፋው ከዚያ ኀዘን በኋላ ነው። ያንን ወረቀት የሚንቅ ሰው በሌሎች ሞት የተገዛ ትምህርት እየናቀ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ግን ችኮላና ይሉኝታ ነው። እንግዳ ሰዓቱን ያያል፣ ወዳጅ «ገና ነህ እንዴ?» ይላል፣ ስልክ ይጮኻል። ፍተሻው መሐል ላይ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ «እዚህ ደርሼ ነበር መሰለኝ» የሚል ግምት አያዋጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷስ የሚለቀም አገኘች።

አገራችሁንም እወቁ። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ክንፉም ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ጭነቱን፣ ሙቀቱንና የመንደርደሪያውን ርዝመት ሳታሰሉ አትነሱ። በመጨረሻም ራሳችሁን ፈትሹ፤ እንቅልፍ ያጣ፣ የታመመ ወይም መጠጥ ከደሙ ያልወጣለት ሰው፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ መነሳት የለበትም።

እናንተም ተሳፋሪዎች፣ ወላጆችና ወዳጆች፣ አብራሪውን አታጣድፉት፤ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ሲያነሳ ታገሡት። እናንተ አብራሪዎች ደግሞ «ዛሬ አልበርም» ማለትን አትፈሩ። በረራን መሰረዝ የሚያሳፍረው ለአንድ ቀን ነው፤ ያልታየ ጉድለት ግን ቤት ያፈርሳል። ነገ ሌላ ቀን አለ፤ ሰማዩም የትም አይሄድም። እንግዲህ ሳትታጠቁ አትሩጡ።