ዓሣው ወደ ዳር ሲመጣ



አንድ ማታ ቺሮ በሚገኘው ቤታችን፣ መግሪብ ተሰግዶ እንዳበቃ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ከመድረሳ የሰማውን ታሪክ ይተርክልን ጀመር። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሱረቱል አዕራፍ የተወሳው፣ በባሕር ጠረፍ የነበረችው ከተማ ሰዎች ጉዳይ ነው። ቅዳሜን እንዲያከብሩ ታዘዋል። በዚያች ቀን ዓሣው ከጥልቁ ወጥቶ እየታየ እስከ ዳር ይመጣል፤ በሌላው ቀን ግን ድራሹ ይጠፋል። ሙፈሲሮች እንደሚተርኩት አንዳንዶቹ ዓርብ መረባቸውን ዘርግተው እሑድ ሰበሰቡና «ቅዳሜ መቼ አጠመድን?» አሉ።

ልጄ ሲጨርስ «አባ፣ ዓሣው ሐራም ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አይደለም፣ የባሕር ዓሣ ሐላል ነው» አልኩት።

«ታዲያ ምን አጠፉ?»

«ቀኑን ነዋ!» ብዬ አለፍኩት። ጥያቄው ግን እኔን አላለፈኝም። እኛ ስለ አንድ ነገር ስንጠይቅ ሐላል ነው ወይስ ሐራም ብለን ዓይነቱን እንጠይቃለን፤ ሐላል ነው ከተባልን በዚያው ይበቃናል። መቼ፣ ምን ያህል፣ ከማን ድርሻ ላይ የሚለውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ዓሣ ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚመጣው በከንቱ አይደለም። ብዙው ዓይነት ዳር ዳሩን የሚፈልገው እንቁላሉን ሊጥል፣ ጫጩቶቹም ከሣሩ ሥር ተደብቀው ሊያድጉ ነው። ስለዚህ ለሰው እጅ በጣም የሚቀርበው ዘሩን ተሸክሞ ባለበት ሰዓት ነው። በሱረቱል ማኢዳም ሙእሚኖች እጃቸውና ጦራቸው በሚደርስበት አደን እንደሚፈተኑ ተነግሯቸዋል። ፈተናው የራቀው ሳይሆን የቀረበው ነው።

በሌላው ዓለም ካያክ የሚባል ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ አለ። መነሻው በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦች ቆዳ ወጥረው ለአደን የሠሩት ነው። ዛሬ ከፕላስቲክ እየተሠራ ብዙዎች በባሕር ዳርቻ ዓሣ ይዝናኑበታል። ይዞ መልሶ የሚለቅም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለውን ነገር የቀስት ዒላማ ማድረግን መከልከላቸውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ጨዋታ ላይ ብዙ ሊል ይችላል፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ትልቁ ጀልባ ሥሩ ጭቃ በሚነካበት ቦታ ካያክ ድምፅ ሳያሰማ የሚገባ መሆኑን ነው።

የእኛ አገር ካያክ የጣና ታንኳ ነው። ከደንገል ታስሮ የሚሠራ፣ ውሃ ሲጠጣ ከብዶ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ፣ ብዙ ወራት የማያገለግል ጀልባ ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ገደማ አይበልጥም። በዚህ ሐይቅ ዳር ለብዙ ዘመን በታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው በጎረቤቶቻቸው ሲናቁ ኖረዋል። የሚያሳዝነው፣ ሙስሊም መሆናቸውን እያወቁ ማዕድ የማይጋሯቸው ሙስሊሞችም ነበሩ።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። በሐይቁ ውስጥ ነጭ ዓሣ የሚባሉ፣ አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ያህል የባርበስ ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ በርካታዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጁም በወንዙ አፍ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዐሥር ዓመታት ገደማ ከእነዚህ ዓሦች የሚገኘው ምርት በሦስት አራተኛ ያህል መውረዱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ ስነግረው እናቱ ሆጃ እየቀዳች ታዳምጥ ነበር። «በክረምት አታጥምድ የተባለው ሰውዬ ልጆቹን በምን ያበላል?» አለች።

ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። አዋጅ የሚያወጣው ሰው ደመወዙ በክረምትም ይደርሰዋል። የታንኳው ሰው ግን ያለው ያ መረብ ብቻ ነው። «የዛሬን ልጄን ላብላ» ሲል እኔ ከቺሮ ሆኜ «ሰብር አድርግ» የምለው በምን አፌ ነው? ማዕዳችንን ላልተጋራነው ሰው ስለ ትዕግሥት ማስተማር የሚያሳፍር ነገር ነው። ሸሪዓችንም የተቸገረን ሰው ችግሩን እንዳላየ አያልፈውም። ከዚያ ሰው ትዕግሥት የሚጠብቅ ሁሉ እነዚያን ወራት አብሮት ሊሸከም ይገባል፤ በሥራም፣ በብድርም፣ በዘካም ይሁን። አለበለዚያ ድሀውን ብቻ የሚያስጾም ሕግ ይሆናል።

ነገር ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ አጥማጁ ሌላም ቃል አለው። «እኔ ብተወው የሞተሩ ጀልባ አይተወውም» ይላል። ቀጥሎም «የእኔ አንዲት ታንኳ ሐይቅ አታደርቅም» ይላል። እነዚህ ሁለቱ የረሃብ ቃል አይደሉም። የመጀመሪያው የራስን ሥራ በሌላ ሰው ሚዛን መመዘን ነው። ሁለተኛው ይበልጥ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም እውነት ነው። አንዲት ታንኳ ሐይቅ አታደርቅም። ይሁንና ሞተሩ ሊገባበት የማይችለው የደንገሉ ሥር፣ ጫጩቱ የተጠለለበት ስፍራ የሚገባው ትንሹ ጀልባ ነው። ትንሽ መሆን ከጥፋተኝነት ነፃ አያወጣም።

ጣና ሩቅ ነው የምትሉ ከሆነ የራሳችንን እንይ። ከቺሮ ተነስቶ ሒርናን፣ ጨለንቆንና ቁልቢን ያለፈ መንገደኛ ሐረማያ ሲደርስ ሐይቁን ከመንገዱ ዳር ያይ ነበር። ዓሣም ይጠመድበት ነበር፤ የሐረርም ከተማ ከእሱ ትጠጣ ነበር። ዙሪያውን ያለ ገበሬ ለጫቱና ለአትክልቱ ፓምፕ ገዛ። ውሃው ሐላል ነው፤ ፓምፑም በላቡ የገዛው ነው። እያንዳንዱ «የእኔ አንድ ፓምፕ ምን ያጎድላል?» አለ። ከተማውም የራሱን ሳበ፤ ከተራቆተው ኮረብታም ደለል ወረደበት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀና ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃ መልሶ መተኛት መጀመሩ የአላህ እዝነት ነው፤ ፓምፑ ግን አሁንም ከአካባቢው አልጠፋም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመርከብ ስለተሳፈሩ ሰዎች የሰጡት ምሳሌ ቡኻሪ ውስጥ አለ። ታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የላዮቹን ስላስቸገሩ፣ በራሳችን ድርሻ ብንበሳው ምን አለበት አሉ። ክፋት አላሰቡም፤ እንዲያውም ጎረቤትን ላለማስቸገር ነው። የላዮቹ ከተዉዋቸው ሁሉም ይጠፋል፤ እጃቸውን ከያዙ ሁሉም ይድናል። ምሳሌው ሁለቱንም ወገን ይነካል፤ የሚበሳውንም የሚያየውንም።

ልጄ ወደዚያች ከተማ ታሪክ መለሰኝ። በቁርኣኑ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ። ያጠፉት ተቀጡ። የከለከሉት ዳኑ። ሦስተኛዎቹ፣ «አላህ የሚያጠፋቸውን ሰዎች ለምን ትመክራላችሁ?» ያሉት ግን ፍጻሜያቸው በግልጽ አልተነገረም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ቁርኣኑን ይዘው በዚህ ስፍራ እንዳለቀሱ በተፍሲር መጻሕፍት ተዘግቧል። ክፉ ሲሠራ አይተን ዝም እንላለን፣ እኛስ መጨረሻችን ምን ይሆን ብለው ነው። ተማሪያቸው ዒክሪማ፣ እነዚያ ሰዎች ድርጊቱን በልባቸው ጠልተው ነበርና ድነዋል ብሎ አስረዳቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ልብስ ሸለሙት።

ይህን ነገርኩት። ጥቂት አሰበና፣ «አባ፣ ሐረማያ ሲደርቅ አንተ በአውቶቡስ ታልፍ ነበር አይደል?» አለኝ።

«አልፍ ነበር።»

«ምን አልክ?»

እናቱ ሌላ ሆጃ ቀዳችልኝ። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ፣ ከመስኮቱ የውሃ ቱቦዎቹን ስንት ጊዜ እንዳየሁ፣ ከሐይቁ ዳር ከሚሸጡት ድንችና ሽንኩርት እየገዛሁ «ርካሽ ነው» እያልኩ መመለሴን ማስታወስ ያዝኩ። ዒሻ ደረሰና ለዉዱእ ተነሳን።