ሰው ያጣ ተራ ጠባቂ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከዴር ሡልጣን ተነሥቶ የመስቀሉን መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚከተል ሰው፣ ከአንበሶች በር ሳይደርስ በስተግራው የቅድስት ሐናን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። በግቢዋ ውስጥ ከመሬት በታች ጠልቀው የሚታዩት ፍርስራሾች የቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ናቸው። ቦታው ሲቆፈር በግድብ የተለያዩ ሁለት ታላላቅ የውኃ ገንዳዎች ተገኝተዋል። ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 5 የጠቀሳቸው አምስቱ መመላለሻዎች አራቱ በዙሪያው፣ አምስተኛው በግድቡ ላይ እንደ ነበሩ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። ተሳላሚው ወደ ታች ያያል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ተሳልሞም ያልፋል። ስፍራው በዘመኑ ድውያን ተራቸውን የሚጠብቁበት የፈውስ ደጅ እንደ ነበረ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾምን አራተኛ ሰንበት መፃጉዕ ብላ የሰየመችው በዚያ ተኝቶ በነበረው ሕመምተኛ ነው። 38 ዓመት ታሟል። የመጠመቂያው ሥርዓት ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ ለወረደ ነበር፤ እግር ያለው ይቀድማል፣ ወገን ያለው ተሸክመው ያወርዱታል። እርሱ ግን ለመውረድ ሲሞክር ሁልጊዜ ሌላው ይቀድመዋል። ጌታ ቀርቦ መዳን ይወድ እንደ ሆነ ሲጠይቀው አዎን ወይም አይደለም አላለም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነገረው። ከሕመሙ ይልቅ ሰው ማጣቱ ቀድሞ በአፉ መጣ። በዚያ ደጅ የተኛው ሁሉ ዓይኑን በውኃው ላይ ተክሎ ነበርና፣ አጠገቡ ያለውን ለማየት ጊዜ የነበረው አልተገኘም።

በእስራኤል ሀገር የሚኖሩ ወገኖች የሐኪም ቀጠሮን በዕብራይስጥ «ቶር» ይሉታል፤ ቃሉ ተራም ሰልፍም ማለት ነው። ስለ ቶር የሚደርሰውን ጭንቀት ከኢትዮጵያ በስተርጅና የመጡ እናቶችና አባቶች ያውቁታል። ቀኑ በሌላ አቆጣጠር ይነገራቸዋል፤ ሰዓቱም ከለመዱት በስድስት ይለያል። የሚገርመው፣ የእነርሱ የሰዓት አቆጣጠር የወንጌሉ አቆጣጠር መሆኑ ነው። ጌታ በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ የተቀመጠበትን ስድስት ሰዓት ሲሰሙ ቀትር መሆኑን ያለ አስረጂ ያውቃሉ። በወንጌል ንባብ የማታሳስታቸው ሰዓት በሐኪም ቤት ደጃፍ ታሳስታቸዋለች።

እንዲህ ሆነ። አንዲት ብቻዋን የምትኖር እናት በዐቢይ ጾም ወራት በስልክ ቀጠሮ ተሰጣት። የተነገራት በዕብራይስጥ «ሽታይም»፣ ሁለት ማለት ነው። እርስዋም ቍጥሩን በኡልፓን ተምራ ነበርና ተረዳችው፤ ተረድታም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከኩፓት ሆሊሙ ደጅ ተገኘች። ቀጠሮዋ ግን ከቀትር በኋላ ኖሯል። በመስኮቱ ያለችው ጸሓፊ ወደ ቤቷ ሄዳ እንድትመለስ ነገረቻት። እናቲቱ ከተነገራት ሁሉ የሰማችው መሄዷን ብቻ ነው። ደግሞ መጠየቅ አፈረች። ነጠላዋን ተከናንባ ከግድግዳው ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የስኳር ሕመምተኛ ናት። መድኃኒቷን ማለዳ ወስዳ፣ ጾም ነውና እህል ሳትቀምስ ወጥታለች። አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ላብ ያጠምቃት፣ እጇም ይንቀጠቀጥ ጀመር። በክፍሉ ብዙ ሰው ነበር፤ ሁሉም የተራውን ቍጥር የሚያሳየውን ሰሌዳ ይመለከታል። ሕፃኗን ልታስከትብ የመጣች አንዲት ወጣት ግን ፊቷን ወደ እናቲቱ መለሰች።

«እማማ፣ ምን ሆነዋል?» አለቻት በአማርኛ።

«ምንም አይደለም ልጄ፤ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።»

ወጣቷ መልሱን ሰምታ አልተቀመጠችም። ሕፃኗን አቅፋ ነርሷን ጠራች። ደሟ ሲመረመር ስኳሩ እጅግ ወርዶ ተገኘ፤ ወዲያው ጣፋጭ መጠጥ ሰጧት። ሐኪሙም የቀትሩን ሰዓት ሳይጠብቅ በሌሎች ተራ መካከል አያት፤ መድኃኒቷን ለወጠ፤ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ወስዶ ሳይበሉ መዋል ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑንም በወጣቷ አስተርጓሚነት አስረዳት። ሰዓቱን በትክክል ተረድታ ቢሆን ኖሮ ያን ጠዋት ከቤቷ ብቻዋን ነበረች።

ይህን የሚሰማ ሰው እግዚአብሔር ሰዓቱን አሳሳታት ይል ይሆናል። ለምስጋና ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ስሕተት ሁሉ ወደ በጎ አይመለስም፤ ቀጠሮ አምልጧቸው፣ ሁለተኛ ለመጠየቅ አፍረው፣ ሕመማቸውን ይዘው በቤት የቀሩ አሉ። በዚያ ጠዋት የእግዚአብሔር ቸርነት የታየው ከሰሌዳው ላይ ዓይኗን ባነሣችው ወጣት ነው። ጌታም በቤተ ሳይዳ ለመፃጉዕ ተራ አላስያዘለትም፤ ወደ ውኃውም አላወረደውም። ሰው ላጣው ሰው እርሱ ራሱ ቀረበለት፤ በቃሉም አስነሣው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። የ38 ዓመቱ ሕመምተኛ ተነሥቶ ሲሄድ ያገኙት ሰዎች ደስታውን አልተካፈሉም፤ በሰንበት አልጋ ለምን እንደ ተሸከመ ጠየቁት። ይህ ጥያቄ የዚያ ዘመን ሰዎች ብቻ አይደለም። አሮጊት እናቱ ቀጠሮ ሲያመልጣት «ስንት ጊዜ ልንገርሽ» የሚል ልጅ በየቤቱ አለ። ዕብራይስጡን ከትምህርት ቤት ይዞት ያደገ ልጅ ለእናቱ አንድ የስልክ ጥሪ ቀላል ነው፤ ለእርስዋ ግን ከመጠመቂያው ዳር እስከ ውኃው ያለው ርቀት ነው። ጎረቤትም እንዲሁ። የሚጾሙ ሕመምተኞችም መድኃኒታቸውን ለንስሐ አባታቸው፣ ጾማቸውንም ለሐኪማቸው ሳይነግሩ አይጹሙ፤ ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ የጾምን ቀንበር አትጭንም።

ወጣቷ ሕፃኗን አስከትባ ስትወጣ የእናቲቱን ቀጣይ ቀጠሮ በወረቀት ጻፈችላት። በአንድ ወገን 14፡00፣ በሌላው ወገን ከቀኑ 8 ሰዓት፤ ከሥሩም የራሷን ስልክ ቍጥር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።