ልጄ፣ ለሰርተፍኬቱ ከመክፈልሽ በፊት

ልጄ፣ የረዳት መምህርነት ሰርተፍኬት ለመማር 2 ሺህ ዶላር ልትከፍዪ መሆኑን ሰማሁ። ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ፤ ልጅ የሚወድ ሰው ከልጆች ጋር ቢውል ለራሱም ለልጆቹም በረከት ነው። ብሩን ከመስጠትሽ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሪልኝ። ይህን ወረቀት አምጪ ያለሽ ማን ነው? የሚቀጥርሽ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ኮርሱን የሚሸጥልሽ ሰው? ሻጩ ብቻ ከሆነ ነገሩ “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ነው።

ሕጉ የሚለውን ልንገርሽ። ታይትል ዋን በሚባለው የፌዴራል ገንዘብ በሚደገፉ፣ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ረዳት ሆኖ ለማስተማር ከሃይስኩል ዲፕሎማ በተጨማሪ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይበቃል፤ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት፣ አሶሺየት ዲግሪ ወይም ፈተና ማለፍ። መስፈርቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው የትምህርት ሕግ ጀምሮ የመጣ ነው። ከሦስቱ ውስጥ የግል ተቋም ሰርተፍኬት የለበትም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚቀበሉት ፈተና ፓራፕሮ ይባላል፤ በሁለት ሰዓት ተኩል የሚሠራ 90 የምርጫ ጥያቄ፣ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ነው። በሁለቱም ስቴቶች ማለፊያው 455 ነጥብ ነው፤ ክፍያውም መቶ ዶላር አይሞላም። የምትኖሪው ኒውዮርክ ቢሆን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ስቴቱ ራሱ የሚሰጠው የረዳት መምህር ፈቃድ አለ።

አንቺማ ፈተናውም ላያስፈልግሽ ይችላል። ካገር ቤት ዲግሪ ይዘሽ መጥተሽ የለም? “በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል” የሚባለው ለዚህ ነው። ትራንስክሪፕትሽን ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር አስልኪና እዚህ የውጭ አገር ማስረጃ በሚገመግም ድርጅት አስገምግሚው። የወጪ መጋራት ዕዳሽ ካልተከፈለ ዩኒቨርሲቲው ማስረጃውን አይለቅልሽምና ቀድመሽ ለወንድምሽ ውክልና ላኪለት፤ እሱ ይጨርስልሻል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ2 ሺህ ዶላር በእጅጉ ያነሰ ነው።

አማርኛሽንም አትናቂው። የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን መልእክት በአማርኛ ጭምር ያዘጋጃሉ። ትናንት ከአዲስ አበባ መጥቶ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሕፃን አለ፤ አንቺ “ምን ሆንክ የኔ ልጅ?” ስትዪው የሚሰማውን እፎይታ ማንም ሰርተፍኬት አያስተምርም። ማመልከቻሽ ላይ በደንብ ጻፊው።

አሁን ወደ ደሞዙ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ልብ ብለሽ ስሚኝ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው አኃዝ የረዳት መምህራን መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 35,550 ዶላር ነበር፤ ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። ግን በሰዓት እናስላው። በሰዓት 20 ዶላር ቢከፍሉሽ፣ በቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ብትሠሪ፣ የትምህርት ዓመቱም 180 ቀን ቢሆን፣ በዓመት 23,400 ዶላር ነው። ለ12 ወር ሲካፈል፣ ታክስ ሳይነሳ፣ 1,950 ይደርስሻል። የአንድ መኝታ ቤት ኪራይ አብዛኛውን ይበላዋል። ዲሲ ውስጥ በጁላይ 2024 በተጀመረው ዝቅተኛ ክፍያ፣ በሰዓት 17.50፣ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው 36,400 ዶላር ያገኝ ነበር። ልዩነቱ የሰዓቱ ማነስና የክረምቱ መዘጋት ነው። በክረምት ደግሞ፣ በመስከረም ተመለሺ ተብለሽ ከሆነ፣ በብዙ ስቴቶች የሥራ አጥ ክፍያ አይሰጥሽም። ሻጮቹ ይህን አይነግሩሽም።

እንግዲህ ማን ይግባበት ትዪኝ ይሆናል። ሁለት ዓይነት ሰው ይግባበት። አንደኛዋ ትንሽ ልጅ ያላት እናት ናት፤ ልጇ ትምህርት ቤት ሲሆን እሷም ትሠራለች፣ ሲዘጋ እሷም ቤት ናት፣ ለሞግዚት የምትከፍለው ይቀርላታል፤ ሥራው የጤና ኢንሹራንስና ጡረታ ካለው ደግሞ የደሞዙን ማነስ ይክሳል። ስለዚህ ስትጠይቂ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንሱ የሚጀምረው በሳምንት ስንት ሰዓት ለሠራ እንደሆነ ጠይቂ። ሁለተኛዋ መምህር መሆን የምትፈልግ ናት። የአንደኛ ደረጃ መምህራን መካከለኛ ገቢ ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ቴነሲ እ.ኤ.አ. በ2022 እየሠሩ፣ እየተከፈላቸው መምህር የሚሆኑበትን መንገድ በፌዴራል ደረጃ አስመዝግባ ከጀመረች ወዲህ ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋታል። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይባላልና፣ ረዳትነትን መንገድ እንጂ መድረሻ አታድርጊው።

ገንዘብ ብቻ ፈልገሽ ከሆነ ግን ይህ ሥራ አያዋጣሽም፤ እውነቱን ልንገርሽ።

ነገ ጠዋት ወደ ካውንቲሽ ትምህርት ቤቶች የሰው ኃይል ክፍል ደውዪ። ዲግሪዬን ትቀበላላችሁ ወይ? ፈተናው ይበቃል ወይ? ረዳት ሆኜ መምህርነት ስማር ክፍያውን ትደግፉኛላችሁ ወይ? ብለሽ ጠይቂ። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ነውና መልሱን በኢሜይል ሳትቀበዪ በምንም ውል ላይ እንዳትፈርሚ።