ሳይፈታ አድምጡት

ልጆች፣ መኪና ስትይዙ አንድ ቀን ከፊት በኩል ድምፅ መስማታችሁ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ግቢ ስትገቡ፣ ከፓርኪንግ ስትወጡ ወይም ዩ ተርን ስታደርጉ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ በ60 እና በ80 ስትነዱ ነፋሱና የጎማው ጩኸት ሸፍኖት የኖረው ሁሉ፣ መሪ ተጠምዝዞ በዝግታ ሲሄድ ይወጣል። የፊት እግር መገጣጠሚያዎችም በደንብ የሚታጠፉት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህን ድምፅ አትናቁት፤ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ መሸፈን መድኃኒት አይደለም።

እኔ የምመክራችሁ፣ ድምፁን ራሳችሁ ሳትመረምሩት ጋራዥ እንዳትሄዱ ነው። “ከፊት ይንኳኳል” ብላችሁ ቁልፉን ሰጥታችሁ ከተመለሳችሁ ዕቃ በግምት መቀየር ይጀመራል፤ ዛሬ ሾክ አብዞርበር፣ በሳምንቱ ጎሚኒ፣ ቀጥሎ ሌላ። ድምፁ ግን እንዳለ ነው። ሁሉም መካኒክ እንዲህ ነው አልልም። ጎበዙ አስቀድሞ ራሱ ነድቶ ያዳምጣል፤ እንዲህ ያለውን ካገኛችሁ አትልቀቁት።

መጀመሪያ መኪናውን አቁማችሁ ሞክሩ። ሞተር አስነሱና መሪውን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ አዙሩ። ጎማው ሳይሽከረከር ድምፁ ከተሰማ፣ የሚሽከረከሩት ዕቃዎች፣ ማለትም ሲቪ ጆይንት፣ የጎማ ኩሽኔታና የፍሬን ዲስክ፣ ከጥርጣሬ ነፃ ናቸው። በዚህች ቀላል ሙከራ ብቻ የተጠርጣሪው ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል፤ ሳንቲም አታስወጣም።

ቆሞ መሪው ሲዞር የክራር ክር ተቆንጥሮ እንደተለቀቀ ያለ ድምፅ ከወጣ፣ ኮፈኑ ሥር የሾክ አብዞርበሩ አናት ላይ ያለችውን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች መሪ ሲዞር ሞላው አብሮ መዞር አለበት፤ ያቺ ኩሽኔታ በአቧራና በዝገት ስትይዝ ግን ሞላው ይጠመዘዝና ድንገት ይለቀቃል። ሌላ ሰው መሪውን እያዞረላችሁ መዳፋችሁን ከውጭ በኩል ሞላው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉ፤ ዝላዩ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ጣታችሁን ግን በጥቅሎቹ መሃል እንዳታስገቡ።

መሪው ዳር ሲደርስ የሚያለቅስ ድምፅ የሚያሰማው የዘይት መሪ ያለው መኪና ነው። የዘይት ማጠራቀሚያውን እዩ፤ ጎድሎ ወይም አረፋ ይዞ ከሆነ የሚፈስበት ወይም አየር የሚገባበት ቦታ አለ ማለት ነው። ዘይቱ ልክ ሆኖም ቢሆን መሪውን ዳር ላይ አጥብቆ መያዝ ፓምፑን ያግላል፤ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ አትያዙት። አብዛኞቹ ቪትዞች መሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ስለሆነ ይህ ችግር አይመለከታቸውም። ለእንዲህ ያለ ቪትዝ “የመሪ ዘይት ልጨምርልህ” የሚላችሁ ሰው ካለ ሌላ ሥራም አትስጡት።

ሲጥ ሲጥ የሚል ደረቅ ድምፅ ደግሞ ከቦል ጆይንት ወይም ከጎሚኒ ይመጣል። ለመለየት በጠርሙስ ውኃ ይዛችሁ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በየተራ አርጥቡ፤ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ ነው ጉዳዩ ያለው። ሰፈራችሁ ኮብልስቶን ከሆነ እነዚህ ዕቃዎች ቶሎ እንደሚያልቁ ዕወቁ።

ቆሞ ምንም ድምፅ ከሌለው ባዶ ቦታ ፈልጉ። የኮንዶሚኒየም ግቢ ሕፃናት በሌሉበት ሰዓት ጥሩ ነው፤ ግድግዳ ሲኖር ድምፁን መልሶ ያሰማችኋል። መስኮት ክፈቱ፤ ወደ ግራ አዙራችሁ ክብ ሥሩ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፤ ፍጥነታችሁ ከ10 ኪሎ ሜትር አይለፍ። የቪትዝ ጎማ አንዴ ሲዞር 1.8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ይዞራል ማለት ነው። ድምፁ ከዚህ ዙር ጋር አብሮ የሚፈጥንና የሚዘገይ ከሆነ ከጎማው ጋር የሚሽከረከር ዕቃ ነው።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ ነዳጅ ስትረግጡ የሚብስ፣ እግራችሁን ስታነሱ የሚቀልለው የሲቪ ጆይንት ነው። ስለዚህ ዕቃ ጥቂት ልበላችሁ፤ ከፊት እግር ዕቃዎች ሁሉ የማደንቀው እሱን ነው። ጎማው እየታጠፈና እየዘለለ ኃይል ሳይቆራረጥ መድረስ አለበት። ተራው የመስቀል መገጣጠሚያ ሲታጠፍ በአንድ ዙር ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል፤ የፊት ጎማ ላይ ቢገጠም መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲቪ ጆይንት ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስድስት የብረት ኳሶች በቦያቸው እየተንሸራተቱ ዙሩን እኩል ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ በዚህ መገጣጠሚያ ተጠቅማ ነው ለትንንሽ የፊት ጎማ መኪኖች መንገድ የጠረገችው።

ይህ ሁሉ ብልሃት የሚጠበቀው ግን በአንዲት የጎማ ሽፋን ነው። ሽፋኗ ስትቀደድ ግራሶው በሽክርክሪቱ እየተወረወረ ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ ኳሶቹና ቦዮቹ ይቦረቦራሉ። ስለዚህ ከድምፁ በፊት ዓይን ይቀድማል፤ መሪውን ዳር አድርሳችሁ ከጎማው ጀርባ በባትሪ እዩ። የቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቁር ግራሶ ተረጭቶ ካገኛችሁና ገና የማይጮህ ከሆነ፣ መገጣጠሚያው ታጥቦ አዲስ ግራሶና ሽፋን ብቻ ሊበቃው ይችላል። መጮህ ከጀመረ በኋላ ግን ግራሶ መሙላት ገንዘብ መጣል ነው፤ የተቦረቦረ ብረት አይድንም። ወደ ግራ ሲዞር የሚብስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የቀኙ ነው፤ ሸክሙ የሚያርፈው በውጭ በኩል ባለው ጎማ ላይ ነውና። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም።

ወደ ገጠር የምትወጡ፣ ላንድክሩዘር የምትነዱ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። በሁለት ጎማና በአራት ጎማ መካከል በማርሽ የሚቀየረውን መኪና በ4ኤች እንዳለ ደረቅ አስፋልት ላይ አታዙሩት። ስትዞሩ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳሉ፤ በ4ኤች ግን የፊቱና የኋላው ዘንግ ስለተቆላለፉ እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። ከዚያ መኪናው ይጎትታል፣ ጎማው ይዘላል፣ ከሥር ጓ የሚል ድምፅ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ዲፈረንሻል አስፈትቷል፤ መፍትሔው ግን ማርሿን ወደ 2ኤች መመለስ ነበር።

ቀላሎቹንም አትርሱ። ያለማቋረጥ የሚፍቅ የብረት ድምፅ በዲስኩና ከጀርባው ባለው ቆርቆሮ መካከል የገባች ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ወደ ኋላ ጥቂት ስትነዱ አንዳንዴ ራሷ ትወድቃለች። መሪው ዳር ሲደርስ ብቻ የሚፍቅ ከሆነ ጎማው ፓራፋንጎውን እየነካ ነው፤ ከፍ እንዲል ተብሎ ትልቅ ጎማ የተገጠመለት መኪና ላይ የተለመደ ነው፣ ጎማው ትከሻ ላይ የተፋቀ መስመር ታያላችሁ። የሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ቀለም የተቀባ ወለል ላይ ጎማ ሲያፏጭ ግን ተዉት፤ ወለሉ ነው።

አሁን ቀልድ ወደሌለበት ልምጣ። ጎማ ካስነሳችሁ ወይም ጎሚስታ ጋ ከደረሳችሁ ወዲህ የጀመረ ድምፅ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የጎማውን ብሎኖች አጥብቁ። ቀጥሎ መኪናውን በክሪክ አንሡት፤ በክሪክ ብቻ ግን አትመኑ፣ ስኮርታውን ከሥሩ አስገቡ፣ ራሳችሁም አትግቡ። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ከላላ አብዛኛውን ጊዜ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ቴስቲና ነው። ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁ ከላላ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። ቦል ጆይንት ሲወልቅ ጎማው ወደ ውጭ ይታጠፍና መኪናው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ በከተማ ፍጥነት ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ግን አላወራም። በዚህ ሁኔታ “ደመወዝ እስኪወጣ” ብሎ መንዳት የለም። ሲቪ ጆይንት እየጮኸ ጥቂት ቀን ሊያስኬዳችሁ ይችላል፤ የላላ ቦል ጆይንት ያለው መኪና ግን በመጎተቻ ይሂድ።

መካኒኩ ጋ ስትደርሱ የምትናገሩት እንዲህ ይሁን፦ “ቆሞ አይሰማም፤ ወደ ግራ ስዞር ነዳጅ ስረግጥ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የቀኙ ሽፋን ተቀዷል።” ይህን የሰማ መካኒክ በግምት አይፈታባችሁም። ሶማሌ ተራ ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያሉትን ጥርሶች ቁጠሩ፣ የኤቢኤስ ቀለበት ያለውና የሌለው ስለሚለያይ ያንንም አስተያዩ። በሞዴል ስም ብቻ የተገዛ ዕቃ ተመልሶ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ሁልጊዜ አይቀበልም። ቴስቲና ወይም ቦል ጆይንት ከተቀየረ የጎማ አላይመንት ማሠራት ግድ ነው፤ ካልሆነ ጎማው በአንድ በኩል ተበልቶ ያልቃል። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት መካኒኩን ጎን አስቀምጣችሁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ክቡን ሥሩ፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላም የጎማውን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ።